ነውር የሌለበት ዕቃ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በበርበሬ ወፍጮ ቤትና በጥሬ ቆዳ መጋዘን መካከል፣ ወንድሜ ሲሞት የተረከብሁት ጋራዥ አለኝ። ከግራ በኩል የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ከቀኝ በኩል ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ይከረፋል፤ መካከሉን የተቃጠለ ዘይት ይሞላዋል። ደንበኞቼ ሽታው ይለመዳል እያሉ ያጽናኑኛል። አራት ዓመት ሞላኝ፤ አልለመድሁትም። የሰው ልጅ ሊለመድ የማይገባውን ነገር የሚለምድበት ፍጥነት ከሽታው ይልቅ ያንገሸግሸኛል።

የሜካኒካል ምህንድስና ሦስተኛ ዲግሪ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ አስተምር ነበር። ከሌላ ሰው ሥራ ገጽ በገጽ የተገለበጠ የመመረቂያ ጽሑፍ አላሳልፍም ባልሁ ጊዜ፣ ባልደረቦቼ ለተቋሙ ስም ሲባል ዝም እንድል በትሕትና ለመኑኝ፤ ትሕትናቸው አስጠላኝና ወጣሁ። ወንድሜ በዚያው ዓመት በጉበት በሽታ ሞተ። ወደ ጋራዡ የመጣሁት ለጥቂት ወራት ነበር።

ከጋራዡ ሥራ የሚበዛው የተራ ሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ጥገና ነው፤ እርሱን የአክስቴ ልጅ ይሠራዋል። የእኔ ድርሻ ሌላ ነው። ከቡሬ ወዲያ መሬት ተመርቶ የነበረ አንድ የውጭ ባለሀብት ለእርሻ መቆጣጠሪያ በሚል ሰበብ ሰባት የስፖርት ሞተሮች አስገብቶ ነበር፤ አራት ጎማ ያላቸው፣ ዝቅ ያሉ፣ አሸዋ ላይ ለመሽቀዳደም የተሠሩ፣ አንዲት ቁና እህል እንኳ ማስቀመጫ የሌላቸው። አገሬው ባለአራቱ ይላቸዋል። ባለሀብቱ እርሻውን ጥሎ ሲሄድ በሐራጅ ተሸጡ። ወንድሜ ጀርባቸው ላይ ከአርማታ ብረት መጫኛ በየደላቸው፣ ወገባቸውን ከፍ አደረገ፣ ማርሻቸውን ለአቀበት እንዲስማማ ለወጠ። ለጨዋታ የተሠራውን ዕቃ ጤፍና ማዳበሪያ አሸከመው። ፋብሪካው መለዋወጫቸውን መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ስለሆነ፣ አንዱ የሚኖረው ሌላው ሲታረድ ነው። ሦስቱ ታርደው አልቀዋል። ከቀሩት አራት አንዱ ወንድሜ ራሱ ይነዳው የነበረ ሲሆን ለእኔ ደርሶኛል፤ ሁለቱን ቡሬ ያለ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ይዟቸዋል፤ አራተኛው የየኔታ ነው።

የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ጉባኤያቸው ከጅጋ ገባ ብሎ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ ካለ አንድ የገጠር ሚካኤል ደብር ነው። የስኳር ሕመም ቀኝ እግራቸውን ከጉልበታቸው በታች ካስቆረጣቸው በኋላ፣ መድኃኒታቸው ማቀዝቀዣ፣ ቁስላቸው አጣቢ ስለሚሻ፣ ፍኖተ ሰላም ከልጃቸው ቤት ገቡ። በበቅሎ እየተመላለሱ ለማስተማር ሞከሩ፤ ኮርቻው ቁስሉን ከፈተው። ያን ጊዜ ወንድሜ አንዱን ባለአራት አስተካከለላቸው። የዚህ ሞተር የኋላ ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው። ወንድሜ መርገጫውን ነቅሎ፣ በመሪው ግራ እጀታ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋ ምላስ ተከለበት። አውራ ጣት የእግር ጉልበት ስለሌለው፣ የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ውስጡ ከተለመደው መጥበብ ነበረበት። ልኩን ያሰላሁለት እኔ ነበርሁ፤ በስልክ፣ ከቢሮዬ ወንበር፣ እንደ ቀልድ። ዕድሜዬን ከሠራኋቸው ስሌቶች ለሰው የጠቀመው እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የኔታ ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቀዩን የእሽቅድድም ሞተር እያስጓሩ በጅጋ ገበያ መካከል ሲያልፉ መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ተሳለማቸው። አሁን ቀና ብሎም አያይም።

ባለፈው መስከረም ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ተበላሸባቸው። መንገድ ላይ የፍሬን ዘይታቸው ሲጎድል፣ አንድ ደግ አሳቢ የሞተር ዘይት ሞላላቸው። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፤ ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። በማግስቱ ደግሞ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ፣ ላምባ የተቀላቀለበት፣ ከሥሩ አተላ ያለው ቤንዚን ገዝተው ሞተሩ ጠፋ። ደግነትና ሌብነት በዚህ አገር ሁልጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ጉዳታቸውን ለይቼ መመዘን አልቻልሁም።

የቅኔ ጉባኤ መምህሩ ሲቀርበት አይዘጋም፤ ይፈስሳል። ተማሪው መምህር ፍለጋ አገር የሚያቋርጥ ሰው ነው፤ አኩፋዳውን አንግቶ ይነሣል፣ ማንንም አያስፈቅድም። ከሠላሳ በላይ የነበሩት በጥቅምት አጋማሽ አሥራ አራት ቀሩ። እነርሱም መልእክት ላኩ፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል እንጠብቃለን፣ ከበዓሉ በኋላ ወደ ሌላ ጉባኤ እንሄዳለን አሉ። የኔታ ይህን የነገሩኝ በጋራዡ በር ላይ በባጃጅ ተቀምጠው ነበር። ሞተሩ ከተነሣ ይበቃኛል፣ ቁልቁለቱን በፊተኛው ፍሬን እወርደዋለሁ አሉኝ። በዚያ ቁልቁለት በፊተኛው ፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ከሞተሩ ቀድሞ ወንዙ ውስጥ እንደሚገባ ነገርኋቸው። የኋላ ፍሬን የሌለውን ከዚህ በር አላስወጣም አልሁ። አልተቆጡም፤ "እንግዲያ ቀኑን አንቺ ያዢልኝ" ብለው ሄዱ።

የአክስቴን ልጅ መግለጽ አለብኝ። እጁ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። የማያስደስተኝ ከእጁ በላይ ያለው ነው። ያበጠውን ላስቲክ አውጥቶ ከአሮጌ የጎማ ካለማዳሪ ቆርጦ ሌላ ሠራ፤ በሁለተኛው ቀን አንጠባጠበ። የእኔ ሞተር ፓምፕ ለእግር የተሠራ፣ ውስጡ ሰፊ በመሆኑ ለአውራ ጣት አይሆንም። ስለዚህ ለሌላ ሞተር የተሠራ፣ ልኩ የሚስማማ አዲስ ፓምፕ አዘዝሁ። ከዱባይ አዲስ አበባ በሰው ሻንጣ፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ በሽንኩርት መኪና፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ፣ እንደገና ተዘግቶ፣ በጥቅምት መጨረሻ ደረሰ። መጠቅለያው ያልተቀደደ፣ ማሸጊያው ያልተነካ፣ የሕፃን ጡጫ የሚያህል የሚያብረቀርቅ ዕቃ ነበር። መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት። ፍሬን የሚገጠመው በመጨረሻ ነው፤ ዘይቱ የአየሩን እርጥበት፣ ውስጡም የበርበሬውን ብናኝ ስለሚስብ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ማሸጊያው አይከፈትም። ይህ የሥራ ሥርዓቴ ነው፤ ለተፈጠረውም ነገር ድርሻ አለው።

ሞተሩ ግን እምቢ አለ። የአክስቴ ልጅ ካንዴላውን ለወጠ፣ ፒስቶኑን አወጣ፣ ሽቦውን ሁሉ ተከተለ፤ ሦስት ሳምንት። ማታ ማታ ሲጸልይ አየው ነበር፤ በሚፈታው ዕቃ ላይ ላቡና ጸሎቱ አብረው ይንጠባጠባሉ። አንድ እሑድ እርሱ ቅዳሴ ሳለ ካርቡራተሩን ራሴ ፈታሁት። ቤንዚን የሚያልፍባትን፣ ከመርፌ የማትሰፋ የናስ ቀዳዳ ወደ ብርሃን አቅርቤ ስመለከት ድፍን ነበረች። ከጊታር ክር በተቆረጠ ቀጭን ሽቦ ጠርጌ፣ በቤንዚን አጥቤ፣ ገጥሜ እጄን ታጠብሁ። ለመሞከር እንኳ አልቸኮልሁም፤ እንደሚነሣ አውቅ ነበር። ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ገና ነጠላውን ሳያወልቅ፣ ማስነሻውን ተጫነ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ አጓራ። ሰውየው በጉልበቱ ወድቆ መሬት ሳመ። ያ መሬት ምን እንደሚፈስስበት አውቃለሁ፤ ፊቴን አዞርሁ። እኔ ጠረግሁት ለማለት አፌን አልከፈትሁም፤ ደስታውን ላለማጥፋት ሳይሆን፣ ንግግሩ ስለሚረዝም።

በማግስቱ ጠዋት ፓምፑን ልገጥም ወደ መደርደሪያው ስሄድ ቦታው ባዶ ነበር።

የአክስቴ ልጅ አልዋሸኝም። ቅዳሜ ማታ ተስሎ ነበር፤ ይህ ሞተር ከተነሣ በጋራዡ ካለው ሁሉ የተሻለውን ለየኔታ ደብር ለሚካኤል አገባለሁ ብሎ። እሑድ ከሰዓት በኋላም በባጃጅና በእግር ሄዶ አስረክቧል።

"ከዕቃው ሁሉ ያን መረጥህ" አልሁት።

"እታለም፣ ለታቦት አሮጌ ይሰጣል እንዴ? ቤቱን ሁሉ ዞርሁት። ያልተነካ እርሱ ብቻ ነው።"

"የተሳልኸው የየኔታ ሞተር እንዲሄድ ነው።"

"እንዲነሣ ነው የተሳልሁት" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም ተንኮል አልነበረበትም።

ትክክል ነበር። ተንኮል ቢኖርበት እንዴት በቀለለኝ። ነውር የሌለበትን በግ ከመንጋው መርጠው ከሚያቀርቡ ሰዎች ተወልዶ፣ ነውር የሌለበትን የፍሬን ፓምፕ ከመደርደሪያ መርጦ አቀረበ። የጠቅላላው ሐሳብ ንጽሕና አስጸየፈኝ።

በዚያው ቀን ደብሩ ድረስ ሄድሁ። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ትሕትና እንግዲህ በሄድሁበት ሁሉ ይቀድመኛል። ዕቃው በግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ከጃንጥላዎቹ አጠገብ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል አሉኝ። የራሳቸው መምህር ያለ እርሱ ሊመጡ እንደማይችሉ አስረዳኋቸው። አዘኑ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ታቦት እጅ የገባ ነገር በበዓሉ ቀን በጨረታ ካልሆነ አይወጣም፣ ጨረታውም ለሁሉ እኩል ነው አሉኝ። በዓሉ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው፤ ተማሪዎቹም የሚጠብቁት እስከዚያው ቀን ነው። የዓመቱ ጉባኤ በአንድ ጨረታ ላይ ተንጠለጠለ።

በበዓሉ ቀን የኔታ እስከ ቁልቁለቱ አፍ በባጃጅ መጡ። ከዚያ አራት ተማሪዎች በቃሬዛ ተሸክመው አወረዷቸው። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር፤ ፀሐይ ነው ብለው። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ለስለት ዕቃው ጨረታ ወይራው ሥር ተሰበሰበ፤ እንደ ሥርዓቱ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። የሰው ላብ፣ የቅቤ፣ የረገጥነው ሣር ሽታ ተደባልቆ ነበር። የቡሬው ነጋዴ በወንዶቹ ረድፍ ፊት ለፊት ቆሞ አየሁት፤ የክት ካፖርቱን ለብሶ፣ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ። ወደ ሴቶቹ ረድፍ ሳልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

"ዶክተር፣ ዛሬ ብረት ሊሳለሙ መጡ?"

ነጋዴው ፓምፑን ለምን እንደምፈልገው ከማንም በላይ ያውቃል። ገዝቶ መልሶ በሦስት እጥፍ ሊሸጥልኝ፣ ወይም ጭራሽ ላይሸጥልኝና የየኔታ ሞተር ቆሞ እስኪታረድ ሊጠብቅ ይችላል። አንድ ባለአራት በቆመ ቁጥር የእርሱ ዕቃ ይወደዳል።

አጫራቹ በድምፅ ማጉያው በጉን ሸጠ፣ ምንጣፉን ሸጠ፣ ጃንጥላዎቹን ሸጠ። ከዚያ ፓምፑን ከጨርቁ አውጥቶ ወደ ሰማይ አነሣው። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው አለ፤ ለመኪና ይሁን ለወፍጮ የሚያውቅ ይግዛው፣ የማያውቅም ለበረከት ይግዛው አለ። ሰው ሳቀ። በዚያ ደብር ልማድ የተጫራች ስም አይጠራም፤ ውዳሴ ከንቱ ነው ይላሉ። ከወንዶች በኩል ጨመሩ፣ ከእናቶች በኩል ጨመሩ እየተባለ ብቻ ይኬዳል፤ በየረድፉ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ምልክት ይቀበላል።

ጨመርሁ። ከወንዶች በኩል ተጨመረ። እንደገና ጨመርሁ። ወዲያውኑ ከወንዶች በኩል ተጨመረ። የነጋዴውን ፊት በሰው ትከሻ መካከል እፈልግ ነበር፤ የሚታየኝ የካፖርቱ አንገት ብቻ ነው። አጠገቤ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ አንዲት አሮጊት ክንዴን ይዘው፣ ልጄ ስለትሽ ምን ያህል ቢደርስልሽ ነው ብለው ጠየቁኝ። እጄን በማነሣ ቁጥር ይመርቁኝ ነበር፤ የማይገባኝን ምርቃት የዚያን ቀን የሰበሰብሁትን ያህል በሕይወቴ አልሰበሰብሁም። በመጨረሻ ከዚህ ከተማ ልወጣበት ያስቀመጥሁትን ሁሉ ጠርቼ ጨረስሁ። ከወንዶች በኩል አሁንም ተጨመረ። እጄን አወረድሁ። አጫራቹ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ዝም ሲባል ከበሮው ተመታ።

የኔታን አየኋቸው። በቃሬዛው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አንደኛው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ጥግ ላይ እንደቆመ ያዩታል።

ከወንዶቹ ረድፍ ፓምፑን በነጭ ጨርቅ እንደ ጽዋ በራሱ ላይ ተሸክሞ የወጣው የአክስቴ ልጅ ነበር። እያለቀሰ ነበር።

"እታለም፣ አወጣሁልሽ። አንዱ ከሴቶቹ በኩል ሰው አቁሞ እየጨመረ ሊቀማን ነበር፤ እምቢ አልሁት።"

የቡሬው ነጋዴ ወይራውን ተደግፎ፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ወደ እኔ እስኪመጣ ጊዜ ወሰደበት።

"ዶክተር፣ በሚካኤል፣ እኔ አፌን አልከፈትሁም። አንድ ቤት ሰዎች ስትደባደቡ ለምን ልገላግል?"

የአክስቴን ልጅ፣ ለዚያ ሁሉ ጭማሪ የሚበቃ ገንዘብ ከየት አመጣህ አልሁት። ዓይኑን አላነሣም። በዚያው ጠዋት ወንድሜ ይነዳው የነበረውን፣ የእኔን ባለአራት፣ ለነጋዴው ሸጦታል። ቁልፉ በነጋዴው ካፖርት ኪስ ውስጥ ነበር፤ አውጥቶ አሳየኝ። ስለዚህ ሰውየው ከማለዳ ጀምሮ አሸንፎ ነበር፤ ወደ በዓሉ የመጣው ትርፉን ለማየት ነው። ለጭካኔው አልተገረምሁም። ያስጠላኝ የነገሩ ሁሉ ነውር አልባነት ነው፤ አንድም ሰው ለራሱ አልሰረቀም፣ አንድም ሰው አልዋሸም፣ ሁሉም ወይራው ሥር እንደ ሥርዓቱ ቆሞ ነበር።

በዚያው ከሰዓት ወደ ከተማ ተመለስሁና ማሸጊያውን ቀደድሁ። ፓምፑን ገጠምሁ፣ ዘይቱን ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ። አውራ ጣቴ ሲገፋው ምላሱ በመካከል ላይ ደንደን ብሎ ቆመ፤ ስሌቱ ትክክል ነበር። በማግስቱ ጠዋት የኔታ ነዱ፤ እኔ ከኋላቸው በአርማታው መጫኛ ላይ፣ ፊቴን ወደ መጣንበት አዙሬ ተቀመጥሁ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆሙ፤ ሦስት ጊዜ ይዘው ለቀቁት። ያዘ። ከዚያ በዝግታ ወረድን፤ ድንጋይ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ከእኛ ቀድሞ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር።

ከወንዙ ወዲያ ተማሪዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዘጠኝ ናቸው። አምስቱ ጎሕ ሲቀድ ሄደዋል አሉን። የኔታ ዘጠኙን አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ስለ ሄዱት አልጠየቁም። ሞተሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሳያጠፉት፣ ትናንት የት እንዳቆሙ ጠየቁ። ከዘጠኙ አንዱ በመስከረም ያቆሙበትን ቃል ነገራቸው። ከዚያው ቀጠሉ።

ከሰዓት ስንመለስ፣ አቀበቱ ላይ ሞተሩ እንዲበርድ ቆመን ሳለ፣ ስለ ናሷ ቀዳዳ ነገርኋቸው። ሞተሩ የተነሣው በስለቱ ሳይሆን እኔ ስለጠረግኋት እንደሆነ፣ ፓምፑም የወንድሜ ሞተርም በከንቱ እንደሄዱ፣ እውነቱን ለአክስቴ ልጅ ልንገረው እንዳሰብሁ። ተግሣጽ እጠብቅ ነበር።

"አትንገሪው ልጄ" አሉ። "ቢሰማ ከድንጋጤው የተነሣ ሌላ ነገር ይሳላል።"

ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገር ግን አልነገርሁትም።

ጉባኤው ዘጠኝ ሆኖ ከረመ፤ ከፋሲካ በኋላ ከሄዱት ሁለቱ ተመለሱ። የወንድሜን ሞተር ነጋዴው አርዶታል፤ የመሪውን ክንድ ለየኔታ ሞተር መልሼ ከእርሱ ገዛሁት፤ በላዩ ወንድሜ የበየደውን አወቅሁት። ከተማውንም አልለቀቅሁም።

አንድ ነገር ለውጫለሁ። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር፣ የአክስቴ ልጅ ሳያየው፣ ማሸጊያውን እቀድዳለሁ። ለሥራው የማያስፈልገውን ጎኑን መርጬ በሞረድ አንድ ጊዜ እጭረዋለሁ፤ በተቃጠለ ዘይት የራሰ ጨርቅም አሽበታለሁ። ለዓመታት ለተማሪዎቼ የብረትን ልስላሴ በሺህኛ ሚሊሜትር እየለካሁ አስተምር ነበር። አሁን አዲስ ብረት አቆሽሻለሁ፣ ሽታውም እስከ ማታ ከጣቶቼ አይለቅም። በመደርደሪያዬ ላይ ግን ነውር የሌለበት ነገር የለም።